ሁለት ዳርቻ ያላት ደሴት

ባለፈው ዕረፍት ከማኅበራችን አባሎች ጥቂቶቻችን ገንዘብ አዋጥተን ወደ ካናሪ ደሴቶች ሄደን ነበር። ምክንያታችን ለሳቅ የሚበቃ ነው። በፉዌርቴቬንቱራ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ፕላያ ዴ ጋርሴይ በሚባለው ስፍራ፥ ወድቃ የቀረችውን ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ለማየት ነበር። ያገኘነው ግን ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የሚል የዛገ ብረት ብቻ ሆነ፤ ፎቶግራፏን ይዘን ራሷን አጣናት።

መርከቧ በ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቨርጂኒያ ወደ ውኃ ስትወርድ ስሟ አሜሪካ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ዌስት ፖይንት ተብላ ወታደር አመላለሰች። በ1964 ለግሪኮች ተሸጣ አውስትራሊስ ተባለች፤ እስከ 1977 ድረስም በአንድ ጉዞ ከ2,000 በላይ ሰው የመጫን አቅም ይዛ የአውሮፓን ስደተኞች ወደ አውስትራልያ አደረሰች። ከዚያ ወዲያ ስሟ እየተለዋወጠ ለብዙ ዓመት ያለ ሥራ ቆመች። በመጨረሻ አሜሪካን ስታር ተብላ፥ በታይላንድ ሆቴል ልትሆን ከግሪክ ስትጎተት ማዕበል ገመዱን በጠሰው። ጃንዋሪ 18 ቀን 1994 ከዳርቻው ተላተመች፤ ወዲያውም ለሁለት ተሰበረች። የኋላዋ በ1996፥ የፊቷ በ2007 ፈረሰ።

እስከዚያ ድረስ ሞገዱን በዋና እየተሻገሩ የሚወጡባት፥ ሳህንና ወንበር የሚያወርዱባት ብዙ ነበሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ይህን ጀግንነት የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛ አንልም።

በዚያው በ1994፥ በኦገስት ወር፥ በዚያችው ደሴት ሁለት የምዕራብ ሳሃራ ወጣቶች በትንሽ የእንጨት ጀልባ ደረሱ። በዚህ መንገድ ወደ ካናሪ የመጡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው ይባላል። በ2024 ብቻ ከ46,000 የሚበልጡ ሰዎች በባሕር ገብተዋል፤ በመንገድ የሰጠሙትን ሁሉ የቆጠራቸው የለም። በቀይ ባሕር ላይ የራሳችንን ወገኖች ያጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

«መርከብና ስደተኛ ምን አገናኛቸው?» የሚለን አይጠፋም። መርከቧ ራሷ እኮ የስደተኞች ነበረች! ልዩነቱ የብዙዎቹን መሳፈሪያ መንግሥት ይከፍል የነበረ መሆኑ ነው፤ ነጭ ላልሆነ ሰው ግን የአውስትራልያ በር እስከ 1973 ድረስ እጅግ ጠባብ ነበር። ዛሬ ስለ ብረቷ የሚያለቅስ፥ የወንበሯን ቁጥር ሳይቀር የሚያውቅ ሞልቷል። በሌላው ዳርቻ ስም የሌለው መቃብር ሲቆፈር ግን ካሜራ የሚያነሣ ጥቂት ነው። በእውነቱ እኛም ስንሄድ ካሜራችንን ይዘን የተጓዝነው ለብረቷ ነበር።

ለፋሲካው ጉዞ ስም የሚመዘግቡ ጓደኞቻችን ለምዕራቡ ዳርቻ አንድ ቀን ከሰጡ፥ ጀልባዎቹ ለሚደርሱበት ለምሥራቁም አንድ ቀን እንዲሰጡ እንጠይቃለን። በጋርሴይ ግን ዋናተኛ ነኝ የሚል ቢኖር ልብሱን አያውልቅ።