የዘይቷ መብራት አምበር ላይ ብትበራ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲነዱ አምበር ላይ የዘይቷ ቀይ መብራት ብትበራብዎ፣ «ማብሪያዋ ተበላሽታ ነው፣ ንዳው!» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። አይስሙት፤ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

ማብሪያዋ ሞተሩ ላይ የታሰረች ትንሽ ዕቃ ናት። የዘይት ግፊት ሲጠፋ ሽቦዋን ከሞተሩ ብረት ታገናኛለች፤ መብራቱም ይበራል። ግፊት ሲመጣ ትለያየዋለች።

ጥቂት ቆይተው፣ መኪናዋ ደልዳላ ላይ ቆማ፣ የዘይቱን ልክ በዘንጉ ይዩ። ከጎደለ ይሙሉ። ካልጎደለ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ከፍተው የማብሪያዋን ሽቦ ይንቀሉ (ይህ አንድ ሽቦ ብቻ ላላት ለአሮጌዪቱ መኪና ነው)። መብራቱ እንደ በራ ከቀረ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል። ከጠፋ ግን ገና አልተፈረደም፤ ማብሪያዋም ልትሆን ትችላለች፣ ግፊቱም በእውነት ወርዶ ይሆናል። የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የወጣ ሞተር ዘይቱ ግሎ ይቀጥናልና፣ ያረጀ ከሆነ ግፊቱ ይደክማል።

ሁለቱን የሚለየው ማብሪያዋን ፈትቶ በቦታዋ የግፊት መለኪያ ማሰር ነው። መለኪያው አምበር ካልተገኘ፣ መኪናዋን እስከ ደብረ ማርቆስ ያስጎትቱ። ተሳፋሪው ያጉረምርም፤ ሞተሩን የሚያሠራው እሱ አይደለም።