ፀሐይ በላው ወይስ ጨው?

ከጅግጅጋ በስተ ሰሜን በምትገኘው በአውበሬ ከተማ ባለፈው በጋ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለን ነበር። ባለቤቱ በስተጓሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኤር ኮንዲሽነር የውጭ ክፍል አሳዩን። ከተተከለ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የቆርቆሮ ሽፋኑን ከታች በኩል ዝገት ወርሶታል፤ ከኋላ የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ደግሞ በጣታችን ነካ ስናደርጋቸው ነጭ ዱቄት ሆነው ረገፉ። ጋዙ አፈትልኮ አልቋል። «ፀሐዩ በላው፣ መምህር» አሉን። ዕቃውን ከየት እንዳገኙት ስንጠይቃቸው፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከገቡ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል መርጠው እንደገዙት፣ ቀድሞም በአንድ የወደብ ከተማ ሲሠራ እንደነበረ ነገሩን። በእኛ አስተያየት የጥያቄው መልስ ያለው በዚህ የመጨረሻ ቃላቸው ውስጥ ነው።

ዝገት የእርጅና ምልክት ነው የሚለው ልማዳዊ አነጋገር ተማሪዎቻችንም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በእርግጥ ግን የሚዝግ ብረት ትንሽ ባትሪ ነው። በአንደኛው ነጥብ ላይ ብረቱ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ በሌላው ነጥብ ላይ በውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ይቀበለዋል። ኤሌክትሮኑ በብረቱ ውስጥ ሲፈስ፣ አዮኖቹ የሚጓዙት በላዩ በተነጠፈው የውሃ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ውሃው ከደረቀ ባትሪው ይቆማል። ፀሐይ ቀለምንና ፕላስቲክን ትሰነጥቃለች፣ ይህን አንክድም፤ ብረቱን ግን ስታደርቀው ትጠብቀዋለች እንጂ አትበላውም።

ኤር ኮንዲሽነር ከተራ ቆርቆሮ የከፋ ችግር አለበት። ጋዙ የሚያልፍበት ቱቦ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ሙቀቱን ወደ አየር የሚበትኑት ቅጠሎች ደግሞ አሉሚኒየም ናቸው፤ ሁለቱም ተጣብቀው ይኖራሉ። በመማሪያ መጻሕፍት ሠንጠረዥ ላይ መዳብ +0.34 ቮልት፣ አሉሚኒየም −1.66 ቮልት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። አሉሚኒየም በራሱ ኦክሳይድ ስለሚሸፈን የሚታየው ልዩነት ከዚህ ቢያንስም፣ ጨዋማ ውሃ ሲያገናኛቸው የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ይህን ጣጣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀደም ብሎ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችው የጦር መርከብ ከሥሯ በመዳብ ተለበጠች፤ በ1763 ስትመረመር የብረት ምስማሮቿ ተበልተው ተገኙ። ከጥቅልሉ ሳይላጥ የቀረ ወረቀት በመዳቡና በብረቱ መካከል በነበረበት ሥፍራ ግን ምስማሮቹ ደህና ነበሩ።

እንግዲህ አውበሬ ከባሕር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ናት። የባሕር ጨው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ስለሚረግፍ፣ ነፋስ እስከዚያ ድረስ አምጥቶታል ማለት ያስቸግራል። ጨው የመጣው በመኪና ነው፤ በዕቃው ቅጠሎች መካከል ተጣብቆ።

ብዙ ሰው «አገሩ ደረቅ ስለሆነ ጨው ቢኖርም ምን ያደርጋል?» ይላል። በክረምት የወጥ ቤት ጨው አልቦ ያላየ የለም፤ ጨው ከአየር ላይ ውሃ ይስባልና። ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጠው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። በባሕር ጨው ውስጥ የሚገኘው ማግኒዚየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ እኛ ደረቅ በምንለው አየር ውስጥ እንኳ በቅጠሎቹ መካከል ለዓይን የማይታይ እርጥብ ሽፋን ይኖራል። ሌሊቱ ደግሞ ይረዳዋል፦ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ብረት ሙቀቱን ወደ ላይ ረጭቶ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ጤዛ ይይዛል። የቆላው አቧራም እንደ ስፖንጅ ያቆየዋል። ባለቤቱ በቀን የሚያዩት ፀሐይን ነው፤ ሥራው የሚሠራው ሌሊት ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። አር-410ኤ የተባለው ጋዝም 1 ኪሎ ግራሙ ሲያመልጥ በመቶ ዓመት ስሌት ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል።

ከወደብ የመጣን ዕቃ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ቅጠሎቹን በጣቱ ይዳስስ። የሚረግፍ ከሆነ በምንም ዋጋ አይግዛ፤ ቢታጠብም ከቱቦው ጋር በተጣበቀበት ሥፍራ ያለው ጨው አይወጣም። ደህና የሆነውን ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ከመትከሉ በፊት በማይጎመዝዝ ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ ይጠብ። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ባያጥበው ይሻላል።

ከሳይንስ ፋኩልቲዎችም የምንጠብቀው አለ። አይኤስኦ 9223 የተባለው መለኪያ የየአካባቢውን አየር በአንድ ዓመት ውስጥ ብረትን በምን ያህል እንደሚበላ ይመድባል፦ በጣም ለስላሳው አየር ከ1.3 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፣ እጅግ ከባዱ ከ200 በላይ ነው። ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ተመዝነው የተሰቀሉ ጥቂት የብረት ዝርግ ቁራጮች፣ ዝገቱን የሚያጥብ አሲድና አንድ ጥሩ ሚዛን ይበቃሉ። በአውበሬ፣ በጅግጅጋና በድሬዳዋ የትምህርት ቤት ጣሪያዎች ላይ ሦስት ሦስት ቁራጭ ብንሰቅል፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቁጥር ይዘን እንመለሳለን።