የሚሠራ ሁሉ የተጠበቀ አይደለም



በአሰላና በአርሲ ደጋ ባሉት ከተሞች ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የእድሩ የአባላት ዝርዝርና የመዋጮ ሒሳብ፣ የአጥቢያው የክርስትና መዝገብ፣ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሕይወት የሌሉት ወላጆች ፎቶግራፍ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ የባለ ሙያ ነገር ቢመስልም፣ በእውነቱ የቤተ ሰብ ኃላፊን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ኮምፒዩተርን ከሥሩ ሆኖ የሚያስተዳድረው ሥርዓት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ከእነዚህም አንዱ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ያወጣው ዊንዶውስ 10 ነው። ኩባንያው አስቀድሞ ባስታወቀው መሠረት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዚህ ሥርዓት ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ አቁሟል። ብዙዎች ለጽሕፈትና ለሒሳብ የሚገለገሉባቸው ኦፊስ 2016 እና ኦፊስ 2019 ድጋፋቸው ያበቃው በዚያው ቀን ነው። ነገሩም እንግዳ አይደለም፤ ዊንዶውስ ኤክስ ፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ አኳኋን ተሰናብተዋል።

ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ ይቆማል ማለት አይደለም። ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ባለቤቱም ምንም እንዳልሆነ ያስባል። አሳሳቹም ነገር ይኸው ነው።

የአርሲ ገበሬ ይህን ነገር ከስንዴው ተምሮታል። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዘር ቢጫ ዋግን ስለ ተቋቋመ በብዙ ማሳ ይዘራ ነበር። በ2006 ዓ.ም. መኸር ግን ይህ ዘር ሊቋቋመው የማይችል ሌላ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ተነሥቶ ማሳውን መታው። ዘሩ ራሱ አልተለወጠም፤ ሲዘሩት ይበቅላል፣ ሲያዩትም ያምራል። የተለወጠው ጠላቱ ነው። ከአሰላ በስተሰሜን በቅርብ የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማእከል ያለ ማቋረጥ አዳዲስ የስንዴ ዘር የሚፈልገውም ዋግ የማይተኛ ጠላት ስለ ሆነ ነው።

የኩባንያው ድጋፍ የምንለውም እንዲሁ ነው። በየወሩ በሥርዓቱ ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ይገኛል፤ ኩባንያው መድፈኛውን አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ይልካል፤ ይህም አፕዴት ይባላል። ድጋፉ ሲቆም ቀዳዳ መገኘቱ አይቆምም፤ የሚቆመው መድፈኛው ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ከዊንዶውስ 10 ጋር ብዙ የጋራ ነገር ስላለው፣ ለአዲሱ መድፈኛ በወጣ ቁጥር ክፉ አድራጊዎች ያንን እየመረመሩ በአሮጌው ላይ ክፍት የቀረው ቀዳዳ የት እንደ ሆነ ይረዱበታል።

ጉዳቱም የታየ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሥቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። በውስጣቸው ያለውን ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያስገርመው ግን መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ከተጠቁትም የሚበዙት ገና ድጋፍ ሳይቋረጥበት ዊንዶውስ 7ን ይዘው መድፈኛውን ያልጫኑ ነበሩ። እንግዲህ አፕዴት ካርድ ይበላል ብሎ የሚያጠፋው ሰው፣ ወይም ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ አስጭኖ አፕዴቱን ያስዘጋ ሰው፣ ድጋፉ ሳያበቃ በገዛ እጁ አብቅቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ሥራው በቅደም ተከተል ቢሆን ይሻላል።

አንደኛ፤ ማናቸውንም ነገር ከመለወጥ በፊት የማይተካውን ማዳን ነው። ኮምፒዩተር ይገዛል፤ የእናት ፎቶግራፍና የእድሩ መዝገብ ግን አይገዛም። ስለዚህ አስፈላጊው ሁሉ በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃ፣ ለምሳሌ በአንድ ሃርድ ዲስክና በአንድ ፍላሽ ተገልብጦ፣ አንደኛው ከቤት ውጭ በታመነ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። ከተገለበጠም በኋላ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ በትክክል መነበቡን ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛ፤ የድሮ የአማርኛ ጽሑፎችን መመርመር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል በመተካት ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የተጻፈበት የፊደል ፕሮግራም ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲዛወር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይደመሰስ፣ ጽሑፉ ገና በሚነበብበት ጊዜ፣ በእርሱው ከፍቶ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ካልተቻለም በፒ ዲ ኤፍ መልክ ማስቀመጥ ወይም በወረቀት ማተም ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ ኮምፒዩተሩን ፎርማት የሚያስደርግ ሰው የብዙ ዓመት መዝገብ ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛ፤ መንገድን መምረጥ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ይቻላል፤ ፈቃድ ላለው ዊንዶውስ 10 መሻገሪያው ክፍያ የለውም። ነገር ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ኩባንያው ከዘረዘራቸው አንዱ መሆን አለበት። ኢንቴል ከሆነ ይህ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ማለት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ በአሮጌው ፕሮሰሰር የሚሠራው ርካሽ ላፕቶፕ በመጨረሻው ውድ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒዩተሩ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ፣ ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ የጥበቃ ጊዜ አዘጋጅቷል። ይህም በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ የኮምፒዩተሩን ቅንብር በዚያው ለሚያስቀምጥ ያለ ክፍያ፣ አለዚያም በ30 የአሜሪካ ዶላር የሚገኝ ነው። ሆኖም ይህ መዘጋጃ ጊዜ ነው እንጂ መዳኛ አይደለም።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የተባሉት ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ዊንዶውስ 11 በማይቀበላቸው በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይም ይሠራሉ። ከመጫናቸው በፊት ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ የአማርኛ መጻፊያም አላቸው። ነገር ግን ፓወር ግዕዝን የመሰሉ ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞች በቀጥታ ስለማይሠሩባቸው፣ የእድሩ ጸሓፊ ወይም የቤቱ ተማሪ አዲሱን አጻጻፍ የሚለማመድበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ከእነዚህ አንዱንም ለማድረግ አቅም ያነሰው ቤተ ሰብ ኮምፒዩተሩን ይጣል አንልም። ለጽሕፈት ብቻ ያቆየው፤ ከኢንተርኔት ይነጥለው፤ የባንክ ሥራና የምስጢር ቃል አያስገባበት፤ ከማተሚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽም ሳይመረመር አይሰካበት።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ማታ ኮምፒዩተራችሁን ስትከፍቱ ዊንዶውሱ ስንተኛው እንደ ሆነ በሴቲንግ ውስጥ ተመልከቱ፤ የማታውቁት እንደ ሆነ ከቤት ልጆች አንዱን ጠይቁ። ከዚያም መብራት ባለበት በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን፣ ልጆቻችሁን በአጠገባችሁ አስቀምጣችሁ መገልበጡን ጀምሩ። የትኛው ፎቶግራፍ የማን እንደ ሆነ፣ የትኛውም መዝገብ ለምን እንደሚጠቅም ለእነርሱ ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ይሆንላችኋል።