በደብተሬ ውስጥ ያልተሣለው ጀግና



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሕፃናት የሥዕል ታሪክ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቁም ነገር ላይመስል ይችላል። በበኩሌ ግን ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከልጅነቴ ልጀምር።

ያደግሁት አጅማን ነው። አባቴ ሹፌር ስለነበር ዱባይና ሻርጃ ሲመላለስ ውሎ አንዳንድ ረቡዕ ማታ «ማጂድ» የተባለውን የዓረብኛ የሕፃናት መጽሔት ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ማጂድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1979 በአቡ ዳቢ መታተም የጀመረ መጽሔት ነው። ፉዱሊ የሚባል ትንሽ ሰው በየእትሙ በአንዱ ገጽ ሥዕል መካከል ይደበቃል፤ ልጆች ፈልገው ማግኘት አለባቸው። ዓረብኛ ማንበብን የለመድኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ፉዱሊን ስፈልግ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የመካከለኛው ምሥራቅ የፊልምና የኮሚክ ትርዒት በዱባይ ተጀመረ። ዛሬ ወደ አቡ ዳቢ ተዛውሯል። በ2014 አባቴ ይዞኝ ሄደ። ከአጅማን በአውቶቡስ ዩኒየን ጣቢያ ወረድን፤ ከዚያም በሜትሮ እስከ ንግድ ማእከሉ ደረስን። ሠዓሊዎቹ ትናንሽ ጠረጴዛ ይዘው በረድፍ ተቀምጠዋል። ዋጋው ከኪሳችን በላይ ስለነበረ አባቴ «ዓይንህ ይጥገብ እንጂ አትጠይቅ» አለኝ። ሆኖም ወደ ማታ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ አንዳንዶቹ ደብተር ይዞ ለቆመ ልጅ በነጻ ይሥሉ ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታትም እየተመላለስኩ፣ በሻርጃ ኤክስፖ ማእከል በሚደረገው የሕፃናት የንባብ ፌስቲቫል ላይ ያገኘኋቸውን ሠዓሊዎች ጭምር እየለመንኩ፣ 31 የእርሳስና የቀለም ንድፎች ሰበሰብኩ።

ከነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ተማርኩ። ቀድሞ የታተመ ሥዕል ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ጣቱ በቀለም የተበከለ ሰው ሲነድፍ፣ ሲሳሳት፣ በላጲስ ሲያጠፋና እንደገና ሲጀምር ሳይ ግን፣ ታሪክ በሰው እጅ የሚሠራ ነገር መሆኑ ገባኝ።

አንድ ቀን አንድ ፊሊፒናዊ ሠዓሊ አገሬን ጠየቀኝና «የአገርህን ጀግና ንገረኝ፤ እሱን ልሣልልህ» አለኝ። ዝም አልኩ። ቢጨንቀኝ ስፓይደርማን እንዲሥልልኝ ጠየቅሁ። በመመለሻችን አውቶቡሱ ውስጥ አባቴ «ስንዝሮን ስንት ሌሊት ነግሬህ የለ! እሱን አትለውም ነበር?» ሲል ወቀሰኝ። «አባዬ፣ ስንዝሮ እኮ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ተሥሎ አይቼው አላውቅም» አልኩት። አባቴ እስከ አጅማን ድረስ አልተናገረም።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ያ ዝምታ ነው። የጎደለን ተረት አይደለም። የጎደለን ቁጭ ብሎ የሚሥለው እጅ ነው። «እኛ በሥዕል ታሪክ የመንገር ልማድ የለንም» የሚል ካለ ተሳስቷል። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳዎች ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ ታሪክን በተርታ ሲያነቡ ኖረዋል። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክም ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ጽሑፍ እየታከለበት በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በዘመናችንም ጅምር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብስራት ደበበ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያዊ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ነገር ግን ያገሩን ተረት ሁሉ በአንድ ድርጅት ትከሻ ላይ መጣል አይገባም።

«በስደት አገር ለሚያድግ ልጅ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ይበቃዋል» የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ቋንቋዎቹን መማር ጥሩ ነው፤ እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሆኖም ልጁ በዓይኑ የሚያየው ጀግና ሁሉ የሌላ አገር ሰው ከሆነ፣ አማርኛ ቤት ውስጥ የሚታዘዝበትና የሚገሠጽበት ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን ቋንቋ ደግሞ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል።

ስለሆነም ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ይህ መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ለሥዕል ተረት ይመድብ። ሁለተኛ፣ መሣል የሚችልና ተረት የሚያውቅ እየተጣመሩ ይሥሩ፤ ተረት የማያውቅ ቢኖር ወደ እናቱ ይደውል። ሦስተኛ፣ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያለን ተማሪዎች ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለሌላ በዓል ወገን በሚሰበሰብበት ቦታ አንድ ጠረጴዛ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። ለመጣው ልጅ ሁሉ በነጻ እንሣል፤ ሲሳሳቱ ማየቱም ትምህርት ነውና ላጲሳችንን አንደብቅ። ይህ የማኅበሩን ገንዘብ አይነካም፤ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

ደብተሬ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። ስፓይደርማን ካለበት ገጽ ቀጥሎ አንድ ባዶ ገጽ ትቻለሁ። የእኔ እጅ ለሥዕል አልታደለም፤ ተረቱን ግን አባቴ እንደነገረኝ እነግራለሁ። ከእናንተ መካከል ስንዝሮን ልሣለው የሚል ካለ፣ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ