«ስንት ቁስል?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ?»

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ባዮሎጂ ላስነብባችሁ ነው። ስለ ነርቭ ሳስተምር እንቅልፍ የወሰዳችሁ አሁን ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ነው!

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ የሚባል በሽታ አለ። የሰውነት መከላከያ ማይሊን የተባለውን የራሱን የነርቭ ሽፋን ያጠቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ በሉት። አንጎል፣ ህብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ ላይ ቁስል ይተዋል፤ ይህም በኤምአርአይ እንደ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከወንድ ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በብዛት አለ፤ እዚያ ያሉ የኛ ልጆችም ያገኛቸዋል።

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ከጻፈልኝ በኋላ ነው። «ቲቸር፣ አንጎልህ ላይ ያሉት ነጥቦች ጥቂት ናቸው ተባልኩ። እግሬ ግን እየከበደኝ ነው። ቤተሰቦቼ ሰንፈህ ነው ይሉኛል።» በጣም አናደደኝ።

እስቲ እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መንገድ ቢዘጋ ሹፌሩ በሌላ ይዞራል። አባይ በረሃ ላይ ቋጥኝ ተንከባሎ መንገዱን ቢዘጋውስ? ከዚያም ከዚህም መኪናው ይቆማል። የነርቭም ነገር እንዲሁ ነው። አንጎል ሰፊ ስለሆነ አንዳንዱን ጉዳት በሌላ መንገድ ያካክሳል። ህብለ ሰረሰር ግን እንደ ትንሽ ጣት ቀጭን ናት፤ ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በሷ በኩል ያልፋል። ግንደ አንጎልም እንደዚያው ጠባብ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ያለች አንዲት ትንሽ ቁስል፣ አንጎል ላይ ከተበተኑ ብዙ ነጥቦች በላይ እግርን ልትጎዳ የምትችለው። ጥናቶችም ህብለ ሰረሰርና ግንደ አንጎል ላይ ቁስል ያለበት ሰው በኋላ ለአካል ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጥ ያሳያሉ። ቁጥሩ ዋጋ የለውም አላልኩም፤ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

ሌላም አለ። የበሽታው ጉዳት የሚለካበት ኢዲኤስኤስ የሚባል ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ አለ። 6 ማለት 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ማስፈለጉ ነው። መለኪያው በአብዛኛው የሚያየው አረማመድን ነው። ድካም፣ የሐሳብ መዘግየት፣ የመርሳት ችግር እዚያ ቁጥር ውስጥ በደንብ አይገቡም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰውም በጠና የታመመ ሊሆን ይችላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። አቋሜ ግን ግልጽ ነው፦ ታማሚን በነጥብ ብዛትም ሆነ በመልኩ አንመዝን። ኤምኤስ ያለባችሁ፣ ሐኪማችሁን «የህብለ ሰረሰሬስ ምስል ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ቤተሰብ፣ አሠሪ፣ እኛም አስተማሪዎች ደግሞ «ደክሞኛል» ሲባል «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት እንመን። ስድብ ነርቭ አይጠግንም።

በዙሪያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን አድርሱለት።