«ጓደኛዬ ሸወደኝ ወይስ ጆሮዬ?»

የዛሬው ጥያቄ ከፍቅር ጣጣ ትንሽ ራቅ ያለ ይመስላል። ግን መኳረፍ ስላለበት የዚህ ገጽ ነው።

ጸሐፊው የአራዳ ልጅ ነው። አሜሪካ ቆይቶ ከተመለሰ አብሮ አደግ ጓደኛው ላይ ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ ገዛ። ከባድ፣ ወፍራም ብረት የለበሰ፣ አዲስ በነበረበት ዘመን ገንዘብ ያለው ብቻ የሚገዛው ዓይነት። ሁለት ዓመት ያጠራቀማትን አራገፈበት። ቤት ወስዶ ሲከፍተው ግን ባስ የለ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ዘፋኙ ጎረቤት ቤት ያለ ይመስላል። «ከእህቴ ርካሽ ዲቪዲ አይሻልም!» ይላል። ከጓደኛው ጋር አሁን ሰላምታም የለም። «እቃውን ፊቱ ላይ ልመልስለት ወይስ እንደወጣ ይቅር?» ነው ጥያቄው።

እኔ ደግሞ ሰው ከማስታረቄ በፊት ገመድ ማየት ይቀናኛል። ሄጄ አየሁለት።

ወንድሜ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ውዱም ርካሹም በአንድ አምፕሊፋየርና በአንድ ስፒከር ላይ እኩል ካስጠሉ፣ ጥፋቱ ከሁለቱም በኋላ ያለ ነገር ላይ ነው። ማጫወቻው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲቪዲው ሲገባ ድምፁ ይስተካከል ነበር። እናንተም ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ። ገመዱ ሳይቀየር፣ እዚያው ቀዳዳ ላይ፣ ሌላ ማጫወቻ ሰክታችሁ ስሙ። (ቀዳዳው ፎኖ የተባለው እንዳይሆን! እሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፤ ሲዲ ከሰካችሁበት ድምፁ ያብጣል፣ ይቀደዳል።)

ወደ ስፒከሮቹ ዞርኩ። የአንደኛው ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጦ ታስሯል። ይሄኔ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ መሐል መቆም ያለበት ዘፋኝም የሚቆምበት ያጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሁለቱ ስፒከሮች ፊት መሐል ላይ ተቀምጣችሁ በዚያው አምፕሊፋየር የሬዲዮ ዜና ስሙ። አንባቢው መሐል ላይ ካልተቀመጠላችሁ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፉና የአንዱን ስፒከር ብቻ ገልብጡ። የልጁን ስገለብጥ ባሱ ቤቱን ሞላው፤ እህቱ ከጓዳ ወጥታ «ምን አደረጋችሁት?» አለች።

ቀጥሎ ዲስኮቹ። ያለው ሁሉ ኮፒ ነው፤ ከኤምፒስሪ ወደ ሲዲ የተገለበጠ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ኤምፒስሪ ግን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ «ጆሮ አይሰማውም» ያለውን ይጥላል። የተጣለው ወደ ሲዲ ሲገለበጥ አይመለስም። ቀጭን ጠላን መልሶ ድፍድፍ የሚያደርግ ጋን የለም! አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ያሳተማቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ኋላ ላይ ፓሪስ በታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ወጥተዋል። ከዚያ አንድ ኦሪጅናል ፈልግና ሞክር። የድሮ ቅጂ ነውና ሹክሹክታ ትሰማለህ፤ ጥሩ ማጫወቻ አይደብቅልህም። እሱን እንደ ብልሽት አትቁጠረው።

መብራቱን ስናይ፣ የእቃው ጀርባ 120 ቮልት ይላል። እኛ ጋ 220 ነው። ልጁ በትራንስፎርመር ነው የሚጠቀመው፣ ጎሽ። በቀጥታ የሚሰካ ሰው ሙዚቃ ሳይሆን ጭስ ነው የሚያገኘው። ትራንስፎርመሩን ግን ከድምፅ ገመዱ አርቀው፤ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ነው «እምምም» የሚለው። «የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ስለሆነ ዘፈኑ ይጎተታል» ያለህን ሰው አትስማው። ሲዲ ፍጥነቱን የሚያገኘው ውስጡ ካለ ኳርትዝ ነው። አንዳንድ የሸክላ ማጫወቻ ላይ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበረው።

ሠሪው «ሌዘሩ ደክሟል፣ ይቀየር» ብሎ ገንዘብ ጠይቆታል አሉ። እዚህ ላይ ተናደድኩ። የደከመ ሌዘር ዲስክ አላነብም ይላል፣ ይዘላል፣ ይቆራርጣል። ባስ አይሰርቅም! ድምፁ ሳይቆራረጥ ቀጥኖ ብቻ ከመጣ ሌንሱን አታስነኩ። ለአንዳንድ አሮጌ ሞዴል መለዋወጫው መሠረት ካቆመ ቆይቷል፤ ደህናውን አውልቆ የተበላ የሚያስገባም አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ተነሥቷል። የምታምኑት ሠሪ ካላችሁ የት እንደሄደ ጠያይቁ እንጂ መንገድ ላይ ላገኛችሁት አትስጡ።

አንድ እውነተኛ ብልሽት ግን አግኝቻለሁ። የዲስኩ መሳቢያ በጣት ካልተገፋ አይከፈትም። የላላች ትንሽ የጎማ ቀበቶ ናት። ጓደኛህ እያወቀ አልነገረህም? ምናልባት። የቀበቶዋን ዋጋና የእጅ ብትጠይቀው መብትህ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ዕዳ የለበትም። ሰፈር ውስጥ «ሌባ ነው» ብለህ ያስወራኸው ደግሞ የአንተ ዕዳ ነው። ደውልለት። ቡና ጋብዘው፣ ቤት አምጣውና ዘፈን ክፈትለት። የቀበቶውን ነገር ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ አንሣለት።