ከኋላ ማን ይሄዳል?

«ሁላችንም ወጣን!» አለ የጉዞው መሪ፣ ስልኩን ወደኛ አዙሮ። ወጨጫ ተራራ አናት ላይ ነን፤ 3,385 ሜትር። እጃችንን ሰቅለን ጮህን። እኔም ጮህኩ።

ውሸት ነበር። ጠዋት ከአውቶቡሱ የወረድነው አርባ ገደማ ነን፤ አናቱ ላይ የቆምነው ግን ሠላሳ አንሞላም። የቀሩት እኛ ቀደም ብለን ያለፍነው ዳገት ላይ፣ ጫካው ውስጥ ናቸው። ከነሱ አንዷ «ነይ ባክሽ፣ ቀላል ነው» ብዬ ያመጣኋት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች።

ስንወርድ አገኘናት። ኮሶ ዛፍ ሥር ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ የደን ጠባቂ ቆሟል። ማንም አላዘዘውም፤ ብቻዋን መሆኗን አይቶ ነው የቆመው። ውሃም የሰጣት እሱ ነው። እኔ የምለው ጠፍቶኝ ስቆም ቀና ብላ አየችኝና «ፎቶው አማረ?» አለችኝ።

ያቺ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀችኝም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ «ወጣን» ማለት መዋሸት ነው። ቅዳሜና እሁድ በየተራራው የምናደርገው ሀይኪንግ ደግሞ በዚህ ውሸት ተሞልቷል።

መናገሻ ሱባን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። መንገዱ በጽድና በዝግባ መሀል ይጀምራል፣ ወደ ላይ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያ አስታና ጅብራ። ሲያዩት ያምራል፤ ሲወጡት ግን ይጨክናል። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ጭቃው ሁለት ወደፊት አስኪዶ አንድ ወደኋላ ይመልሳል።

አዲስ አበባ ስለምንኖር ከፍታ የለመድን ይመስለናል። ወጨጫ አናት ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሙሉ ሳምንት ወንበር ላይ የዋለ ሰው እዚያ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው ስንፍና አይደለም፤ ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው።

ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት። ያውም ለጠንካራ ሰው፣ ዕረፍት ሳይቆጠር። እኛ በቴሌግራም ያየነው ማስታወቂያ ላይስ ምን ነበር? ዋጋው፣ የመነሻ ሰዓቱ፣ «ቁርስና ውሃ ያካትታል»፣ «ለሁሉም የሚሆን»። ስንት ሜትር ዳገት እንዳለው አንድም ቃል የለም።

«ያልቻለ ለምን ይመጣል?» የምትሉኝ አላችሁ። ለሁሉም ይሆናል ስለተባለ ነዋ! ብሩን ስትቀበሉ ጉልበቷን አልጠየቃችሁም፤ ዳገቱ ላይ ስትደክም ነው «አቅሟን አታውቅም» የሚባለው። «የጠንካሮቹ ቀን ለምን ይበላሻል?» ለሚል ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ፈጣን ጉዞ ከሆነ ፈጣን ነው ብላችሁ ጻፉ፤ የሚችል ይመጣል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ከሱባ አናት ላይ ቀድሞ መድረስም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጣጣው ደግሞ አናቱ ላይ አያልቅም። የደከመ እግር ብዙ ጊዜ የሚወለመው ቁልቁለት ላይ ነው። አዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ዛፍ ሥር ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። መንገድ የማያውቅ ሰው እዚያ ብቻውን ቢቀርና የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ማን ነው የሚጠየቀው?

መሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይገባዋልም። ግን እኔስ? ወደኋላ ዞሬ እንዳላይ ማንም አልከለከለኝም። ፊተኞቹ ጋር መሄድ ደስ ብሎኝ ነው። «ትደርሳለች» አልኩ ለራሴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛ ጊዜ አላሰብኳትም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የዳገቱን ሜትር ጻፉ። መንገዱን የሚያውቅ፣ ባትሪና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ የያዘ አንድ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሂድ። «ይህ ሰዓት ከሞላ የትም ብንሆን እንመለሳለን» የሚባል ሰዓት ከመነሻው ይነገር። ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ።

በሌላ ጊዜ ከዚያችው ባልደረባዬ ጋር ተመልሰን ሄድን፤ መጀመሪያ እሺ ለማለት ብዙ ለምናስለች። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በየጥቂቱ እያረፍን፣ በሷ እርምጃ። አናቱ ሳንደርስ ሰዓታችን ሞላና ተመለስን። ያን ቀን ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቆመን አየን፤ በመጀመሪያው ጉዞ መኖራቸውንም አላወቅኩም ነበር።

እናንተም ለሚቀጥለው ጉዞ ብር ከመላካችሁ በፊት አዘጋጁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከኋላ ማን ይሄዳል? ስም ካልጠራላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።